ለልጅዎ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ሲመርጡ፦ በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያሉ ፕሮግራሞች ሲነጻጸሩ

ቤቱ አማርኛ የሚነገርበት ወላጅ ልጁን በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካስመዘገበ፣ ትምህርት በተጀመረ በወሩ አንድ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ደብዳቤው ልጁ ተፈትኖ «እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያለ ተማሪ» ተብሎ መመዝገቡን፣ ደረጃውን፣ የሚገባበትን የእንግሊዝኛ ድጋፍ ፕሮግራም (ብዙ ጊዜ «ኢሶል» ይባላል) እና ወላጁ ካልተስማማ ያለውን መብት ይገልጻል። ብዙ ሰው ሳያነብ ፈርሞ ይመልሰዋል። ሌላው ደግሞ «ልጄ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል» ብሎ ፈቃደኛ አይደለሁም ይላል። ውጤቱን ሳያዩ ከተወሰነ ሁለቱም ልጁን ሊጎዱት ይችላሉ። የፕሮግራሙ ስም ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። ማወቅ የሚያስፈልግዎ ልጁ በየትኛው ችሎታ እንደደከመ፣ ድጋፉ ከቀኑ የትኛውን ሰዓት እንደሚወስድና ማን እንደሚሰጠው ነው።

ልጁ የሚለየው እንዴት ነው

መጀመሪያ በምዝገባ ቀን የሚሞላ አጭር የቋንቋ ቅጽ አለ። ጥያቄዎቹ እንደየስቴቱ ቢለያዩም ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ ልጁ አፉን የፈታበት ቋንቋ፣ ቤት ውስጥ በብዛት የሚነገረው ቋንቋ፣ ልጁ ራሱ በብዛት የሚናገረው ቋንቋ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለየብቻው እውነተኛውን ይመልሱ። እዚህ ተወልዶ ከእናት ከአባቱ አማርኛ እየሰማ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ካለዎት ሁለተኛው መልስ «አማርኛ»፣ ሦስተኛው «እንግሊዝኛ» ሊሆን ይችላል። ይህ አይጋጭም።

«አማርኛ ብዬ ከጻፍኩ ኢሶል ይከቱብኛል» ብለው ሁሉንም «እንግሊዝኛ» የሚሞሉ ወላጆች አሉ። ቅጹ ብቻውን ልጁን የትም አያስገባም፤ የሚያደርገው ለፈተና መላክ ብቻ ነው። ልጁ እንግሊዝኛ በቂ ካለው ፈተናውን አልፎ እንደማንኛውም ተማሪ ይቀጥላል። ከሌለው ግን፣ በሐሰት በተሞላው ቅጽ ምክንያት ማንም ሳይፈትነው ወራት ያልፋሉ፤ አስተማሪው ዝምታውን ስንፍና ወይም የመማር ችግር አድርጎ ሊያየው ይችላል። ቅጹ ከኢሚግሬሽን ጉዳይ ጋር አይገናኝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው የፕላይለር ውሳኔ መሠረት ትምህርት ቤት ልጅን በመኖሪያ ፈቃድ ምክንያት መከልከል አይችልም።

ቀጥሎ የመለያ ፈተናው ይመጣል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ፣ ሚኔሶታ፣ ኮሎራዶ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን ስቴት፣ ማለትም ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉባቸው ቦታዎች፣ ዊዳ የሚባለውን የፈተና ሥርዓት ይጠቀማሉ። ካሊፎርኒያ ኤልፓክ፣ ቴክሳስ ቴልፓስ የሚባሉ የራሳቸው ዓመታዊ ፈተናዎች አሏቸው። ፈተናው ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ ይለካል። በዊዳ ደረጃው ከ1 (ጀማሪ) እስከ 6 ነው። ኪንደርጋርተን ሲጀምሩ የሚፈተኑ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በማዳመጥና በመናገር ብቻ ይለካሉ። የፌዴራል ሕግ ትምህርት ሲጀመር ለተመዘገበ ልጅ ደብዳቤው በ30 ቀን ውስጥ፣ ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ለገባ ደግሞ ፕሮግራም በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለወላጅ እንዲደርስ ያዛል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ የመናገር ክፍሉ ነው። በቅርቡ ከአውሮፕላን የወረደ፣ ለማያውቀው ሰው ቀና ብሎ መመለስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ብቻውን እንዲናገር ሲታዘዝ ዝም ሊል ይችላል፤ ዝምታው ደግሞ ዝቅተኛ ነጥብ ሆኖ ይመዘገባል። ከፈተናው በፊት «ቢሳሳትም የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር» ይንገሩት። ውጤቱ ፈጽሞ የማይመስል ከሆነ ለኢሶል አስተባባሪው በጽሑፍ አመልክተው እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ።

አራቱን ነጥቦች ማንበብ

የእኛ ልጆች ውጤት ሁለት ዓይነት መልክ ይዞ ይመጣል። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ፕሮግራም መምረጥ አይቻልም።

ኢትዮጵያ ሰባተኛ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ተምሯል። ሰዋስው ያውቃል፣ ቀላል ምንባብ ያነባል፣ ነገር ግን አሜሪካዊ አስተማሪ በተለመደው ፍጥነት ሲናገር ይጠፋበታል። ማንበቡ 3፣ መናገሩ 1.8 ሊመጣ ይችላል። እዚህ የተወለደው ወይም በሕፃንነቱ የመጣው ልጅ ተቃራኒው ነው፦ ማዳመጥ 5.2፣ መናገር 4.6፣ ማንበብ 3.1፣ መጻፍ 2.9። ወላጅ ይህን ሲያይ «ከእኔ በላይ እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ እንዴት ኢሶል ይገባል?» ይላል። መልሱ በስሌቱ ውስጥ አለ። በዊዳ ዓመታዊ ፈተና፣ አክሰስ በሚባለው፣ አጠቃላይ ውጤቱ ሲሰላ ማንበብና መጻፍ እያንዳንዳቸው 35 በመቶ፣ ማዳመጥና መናገር እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይይዛሉ። ስለዚህ አፉ የተፈታው ይህ ልጅ አጠቃላይ ውጤቱ ከ4 በታች ይወርዳል። ያለአግባብም አይደለም፤ አራተኛ ክፍል ላይ የሳይንስ ምንባብ አንብቦ ምክንያቱን በአንቀጽ ጻፍ ሲባል የሚቸገረው በእነዚህ ሁለት ችሎታዎች ነው። የመጫወቻ ሜዳ እንግሊዝኛ በአንድ ሁለት ዓመት ይመጣል። የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊወስድ እንደሚችል በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

የመጀመሪያው ልጅ ብዙ የመስማትና የመናገር ዕድል ያስፈልገዋል። ሁለተኛው በጽሑፍ ላይ የሚሠራ አስተማሪ ያስፈልገዋል፤ የቀለማትና የፍራፍሬ ስም የሚያስጠና የጀማሪዎች ቡድን ውስጥ ቢገባ ጊዜው ይባክናል።

ከክፍል አውጥቶ ማስተማር እና ክፍል ውስጥ ገብቶ ማገዝ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለቱ እነዚህ ናቸው።

አውጥቶ ማስተማር ማለት የኢሶል አስተማሪው ልጆችን ከመደበኛ ክፍላቸው ወስዶ በትንሽ ቡድን፣ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለብቻ ያስተምራል ማለት ነው። ለደረጃ 1 እና 2 ልጅ ይህ ጥሩ ነው። ሃያ አምስት ልጅ ፊት አፉን የማይከፍተው አራት ልጅ ባለበት ይናገራል፤ አስተማሪውም ስህተቱን ወዲያው ያርማል። ጉዳቱ ልጁ በወጣበት ሰዓት ክፍሉ መማሩን አለማቆሙ ነው። በሒሳብ ወይም በመደበኛው የንባብ ሰዓት የሚያወጡት ከሆነ እንግሊዝኛ እያገኘ ሌላ ትምህርት ያጣል፤ በዓመቱ መጨረሻ በሁለቱም ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። «ልጄ የሚወጣው በየትኛው ትምህርት ሰዓት ነው? ያመለጠውንስ ማን ያስተምረዋል?» ብለው ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ልጁን የሚያወጣው ሁሉም ተማሪ በየደረጃው በቡድን ተከፋፍሎ በሚሠራበት ሰዓት ከሆነ ችግሩ ይቃለላል።

ክፍል ውስጥ ገብቶ ማገዝ ላይ ደግሞ የኢሶል አስተማሪው ከክፍሉ አስተማሪ ጋር በአንድነት ያስተምራል። ልጁ ምንም አያመልጠውም፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችም አይለይም። ለደረጃ 3 እና 4፣ በተለይም ለዚያ አፉ ለተፈታው ልጅ፣ በደንብ ከተሠራበት ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። «በደንብ ከተሠራበት» የሚለውን ግን አጥብቀው ይያዙ። ሁለቱ አስተማሪዎች በሳምንት አንድ የጋራ የዕቅድ ሰዓት ከሌላቸው የኢሶል አስተማሪው ወረቀት የሚያድል፣ ከልጁ ጎን ተንበርክኮ መመሪያውን በቀስታ የሚደግም ረዳት ሆኖ ይቀራል። በወረቀት ላይ ድጋፍ አለ ይባላል፤ የቋንቋ ትምህርት ግን የለም። የሚሰጠው የተመሰከረለት የኢሶል አስተማሪ ሳይሆን ረዳት ከሆነም ያንኑ ያህል ይደክማል።

ምርጫ ካለዎት ለጀማሪ ልጅ ሁለቱ ተቀላቅለው እንዲሰጡት ይጠይቁ፦ በቀን አንድ ጊዜ በትንሽ ቡድን፣ ቀሪውን ክፍሉ ውስጥ። ደረጃ 3 ሲያልፍ አውጥቶ ማስተማሩ እየቀነሰ ይሂድ።

የአዲስ መጤ ፕሮግራምና የተስተካከለ የትምህርት ክፍል

መካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነገሩ ይለወጣል፤ ልጁ ጊዜ የለውም፣ ትምህርቱም ከባድ ነው። አንዳንድ ዲስትሪክቶች (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩ አካላት) ለአዲስ መጤዎች የተለየ ፕሮግራም አላቸው። የሲያትል ወርልድ ስኩል ለብቻው ትምህርት ቤት ነው፤ በአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያና በዲሲ የካርዶዞ ትምህርት ቤት ደግሞ ኢንተርናሽናል አካዳሚ የሚባሉ በትልቁ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ክፍሎች ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ በጦርነት ወይም በስደት ምክንያት ትምህርቱ ለተቋረጠበት ልጅና በደረጃ 1 ለሚገባ የ15 ዓመት ልጅ ይጠቅማል። ከመቆለፊያ ሳጥን አከፋፈት ጀምሮ እስከ ክሬዲት ምንነት ድረስ ሥርዓቱን የሚያስረዳው ሰው አለ፤ አማካሪዎቹም የስደተኛ ቤተሰብ ሁኔታ ይገባቸዋል።

ልጅዎ ግን አዲስ አበባ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ቆይቶ ደረጃ 3 ወይም 4 ካመጣ፣ አዲስ መጤ ስለሆነ ብቻ እዚያ እንዲገባ አይፍቀዱ። መለየቱ ያለ ጥቅም ይቀራል። ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ልጁ የሚቆየው ስንት ጊዜ ነው? የሚወስዳቸው ትምህርቶች ለምረቃ የሚቆጠር ክሬዲት አላቸው? የሚወጣው በምን መለኪያ ነው? የመውጫ መለኪያውን በግልጽ መናገር የማይችል ፕሮግራም ልጁን ከአንድ ዓመት በላይ ሊያስቀምጠው ይችላል።

በተስተካከለ የትምህርት ክፍል ውስጥ ባዮሎጂን ወይም የአሜሪካን ታሪክ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ብቻ፣ ቋንቋውን በሥዕል፣ በቃላት ዝርዝርና በተግባር እያቀለሉ ያስተምራሉ። መቅለል ያለበት ቋንቋው ነው፤ ትምህርቱ አይደለም። ለመለየት የሁለቱን ክፍሎች የፈተና ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። መደበኛው ክፍል ስለ ሴል ክፍፍል ምክንያት ሲጠይቅ የእርስዎ ልጅ ክፍል ሥዕል ላይ ስም ማዛመድ ብቻ ከሆነ ልጁ ባዮሎጂ እየተማረ አይደለም።

በዚህ ዕድሜ ካውንስለሩ ጋር የሚደረገው የመጀመሪያ ቀጠሮ ከኢሶል ደረጃው እኩል ይመዝናል። የኢትዮጵያውን ትራንስክሪፕት ማኅተም ያለበትን ዋናውን ይዘው ይሂዱ፤ ክሬዲቶቹ እንዲቆጠሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ የጨረሰ ልጅ እንግሊዝኛው ስለደከመ ብቻ ወደ ታችኛው ሒሳብ እንዲወርድ አይስማሙ፤ የሒሳብ የምደባ ፈተና ይጠይቁ። አማርኛው እንደ ውጭ ቋንቋ ክሬዲት ሊቆጠርለት፣ በብዙ ስቴቶችም በዲፕሎማው ላይ የሁለት ቋንቋ ማኅተም ሊያስገኝለት ይችላል፤ በአማርኛ የሚሰጡ የብቃት ፈተናዎች አሉ። 17 ወይም 18 ዓመት የሆነውን ልጅ «ለአዋቂዎች ትምህርት ቤት ይሻለዋል» ብለው የሚመልሱ ካሉም አይቀበሉ። በብዙ ስቴቶች ልጅ እስከ 20 ወይም 21 ዓመቱ መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ የመማር መብት አለው።

ሁለት ቋንቋ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች

ልጁን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እያስተማሩ ቀስ በቀስ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሸጋግሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዳንድ ስቴቶች የተወሰነ ቁጥር ሲሞላ በሕግ ያስገድዳሉ። ለምሳሌ ኢሊኖይ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ቋንቋ ያላቸው 20 የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ሲኖሩ ያዛል። በተግባር ግን እነዚህ ፕሮግራሞች በብዛት የስፓኒሽ ናቸው፤ በአማርኛ ማግኘት ብርቅ ነው።

የቀኑን ግማሽ በስፓኒሽ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ባለ ሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት ሰፈርዎ ውስጥ ካለ ልጅዎን ሊጋብዝዎት ይችላል። ለስፓኒሽ ተናጋሪ ልጅ ከሁሉም የላቀ አማራጭ ነው። ለእርስዎ ልጅ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ስፓኒሹ ሦስተኛ ቋንቋው ይሆናል። በኪንደርጋርተን የሚጀምርና እንግሊዝኛውን ከሰፈር ጓደኞቹ የያዘ ልጅ ይወጣዋል፣ ያተርፍበታልም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለቱንም ሳያውቅ የሚገባ ልጅ ግን ግማሹን ቀን በማያውቀው፣ ሌላውን ግማሽ በጀማሪነት ቋንቋ ያሳልፋል። ለእሱ አልመክረውም።

በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ ቢሆን ቤት ውስጥ አማርኛውን አያቋርጡ። ፊደል ቆጥሮ አቀላጥፎ የሚያነብ ልጅ ድምፅን ከምልክት ማገናኘትን አንዴ ተምሮታል፤ የእንግሊዝኛ ንባብ ሲጀምር ያንኑ ችሎታ ይጠቀምበታል። «ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» የሚል ምክር ከአስተማሪ ቢመጣም ትክክል አይደለም።

አልፈልግም ማለት

መብትዎ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሊያስገድድዎትም፣ እምቢ እንዲሉ ሊገፋፋዎትም አይችልም። ግን ምን እንደሚቀርና ምን እንደማይቀር ይወቁ። የሚቀረው የኢሶል አገልግሎቱ ነው። የልጁ ምዝገባ ግን አይሰረዝም፤ ዓመታዊውን ፈተና እስኪያልፍ ድረስ በየዓመቱ፣ በዊዳ ስቴቶች ከጃንዋሪ እስከ ማርች ግድም፣ መፈተኑን ይቀጥላል። ከስሙ ለማስወጣት ብሎ አገልግሎቱን እምቢ ያለ ወላጅ ድጋፉን አጥቶ ስሙን ይዞ ይቀራል።

እምቢ ማለት ትርጉም የሚሰጠው ልጁ ለመውጫው ጥቂት ነጥብ ብቻ ሲጎድለውና ኢሶሉ ሌላ የሚፈልገውን ትምህርት፣ ለምሳሌ ከፍተኛ ሒሳብን፣ ሲሻማበት ነው። ያኔም መጀመሪያ ፕሮግራሙ እንዲቀየር ወይም ሰዓቱ እንዲቀነስ ይጠይቁ። ሐሳብዎን ከቀየሩ በማንኛውም ጊዜ መመለስ ይችላሉ።

መውጫው እንደየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ለዓመታት በአጠቃላይ ውጤት 4.4 ስትጠቀም ቆይታለች፤ ሚኔሶታ 4.5 ሆኖ በተናጠል ችሎታዎችም ዝቅተኛ ወሰን አስቀምጣለች። ወሰኖቹ ስለሚከለሱ የዘንድሮውን ከትምህርት ቤቱ ይጠይቁ። ልጁ ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤቱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሊከታተለው ይገባል፤ ውጤቱ ከወረደ እንደገና እንዲታገዝ መጠየቅ ይችላሉ።

ድጋፍ እያገኘ ካልተሻሻለ

ሁለት ዓመት ተከታታይ አንድ ደረጃ ላይ የቆመ ልጅ ካለ በመጀመሪያ የሚመረመረው ፕሮግራሙ ነው፦ በሳምንት ስንት ደቂቃ አገኘ፣ ከማን፣ ምን ያህል ጊዜ ተቋረጠ። አስተማሪ በጠፋ ቁጥር የኢሶል አስተማሪውን ተተኪ አድርጎ መላክ የተለመደ ስህተት ነው።

ፕሮግራሙ ደህና ከሆነ ወደ ልዩ ፍላጎት ጥያቄ ይኬዳል። እዚህ በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታሉ። ወይ የቋንቋ ጉድለቱን የመማር ችግር ያደርጉታል፤ ወይ ደግሞ «እንግሊዝኛው እስኪሻሻል እንጠብቅ» ብለው እውነተኛ ችግር ያለበትን ልጅ ለዓመታት ያዘገዩታል። መለያው አማርኛው ነው። «ዘ» እና «ኤ» የሚሉትን ቃላት መዝለል ወይም የ«ቲኤች»ን ድምፅ «ዝ» ወይም «ት» ማድረግ ከአማርኛ የመጣ የተለመደ ነገር ነው። በአማርኛም የተነገረውን ትእዛዝ ከያዘ ብዙ ሳይቆይ የሚረሳ፣ ታሪክ በቅደም ተከተል መናገር የሚያቅተው፣ ዕድሜው ደርሶ ፊደል መያዝ የከበደው ልጅ ግን የልዩ ፍላጎት ግምገማ በጽሑፍ ይጠየቅለት። በፌዴራል ሕግ ግምገማው ልጁ በሚችለው ቋንቋ መደረግ አለበት፤ ወላጅ ከፈቀደ በኋላ ስቴቱ ሌላ ቀነ ገደብ ካላወጣ በ60 ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል። አይኢፒ፣ ማለትም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ፣ የተሰጠው ልጅ ኢሶሉን አያጣም፤ ሁለቱም ይገቡታል።

ስብሰባው ላይ

አስተርጓሚ አስቀድመው በኢሜይል ይጠይቁ፤ በነጻ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ የራሱን መጥፎ ውጤት ለእናቱ እንዲተረጉም መጠየቅ አይገባም፣ ቃላቱም አይያዙለትም። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት በአማርኛ የተተረጎሙ ቅጾች ያገኛሉ።

ፕሮግራሙን ለመመዘን ፍርድ ቤቶች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ጥሩ መለኪያ አለ፤ በ1981 ካስታኔዳ በተባለው ጉዳይ የተቀመጠ ነው። ፕሮግራሙ በዘርፉ ባለሙያዎች ተቀባይነት ባለው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው? በቂ አስተማሪና መሣሪያ ተመድቦለታል? ከጊዜ በኋላስ ውጤት አሳይቷል? ሦስተኛውን በቁጥር ይጠይቁ፦ በእናንተ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ስንት በመቶ የኢሶል ተማሪዎች ቢያንስ አንድ ደረጃ አደጉ? ስድስት ዓመት አልፏቸው ያልወጡ ስንት ናቸው?

የተስማሙበትን ሁሉ፣ የሳምንቱን ደቂቃ ጭምር፣ በኢሜይል ጽፈው መልሰው ይላኩላቸው። የተባለው ካልተደረገ ከትምህርት ቤቱ ወደ ዲስትሪክቱ የኢሶል ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ስቴቱ ይሂዱ። ለፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ቢሮ የሚቀርብ አቤቱታ ግን አድልዎው በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ መግባት ስላለበት የዲስትሪክቱን መልስ ሲጠብቁ ቀኑ እንዳያልፍብዎት።